መስታወት ለአስራ አንድ ፍላሚንጎ

ፀጉር አስተካካዩ አንዲት ልጅ ነበረችው። አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ «ለምን?» ማለት የማይታክታት ስለነበረች ቤተሰቡም ሰፈሩም ስሟን ትቶ «ለምኔ» ነው የሚላት። ዶሮ ውሃ ስትጠጣ ለምን ወደ ላይ ታንጋጥጣለች? አባትየው የደንበኛውን ጉንጭ በሳሙና አረፋ ለብጦ፣ ምላጩን እንደያዘ፣ «ፈጣሪዋን እያመሰገነች ነዋ» ይላታል። «እህል ስትበላስ ለምን አታመሰግንም?» ትለዋለች። ደንበኛው በሳቅ ይንቀጠቀጣል፤ አባትየው «ኧረ ልጄ፣ የሰው ጉሮሮ ላይ ነኝ!» እያለ ይለምናታል።

ዕድሜዋ ደርሶ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አባትየው ሐኪም ትሆናለች ብሎ ቆርጦ ነበር። እሱም ሥራ ላይ ነጭ ጋዋን ስለሚለብስ «ከአንድ ቤት ሁለት ነጭ ለባሽ» እያለ ለደንበኞቹ አስቀድሞ አውርቷል። እሷ ግን የዱር እንስሳት ጥበቃና የመካነ አራዊት ሥነ ሕይወት የሚባል ትምህርት መረጠች። ወሬው ፀጉር ቤቱ ሲደርስ ደንበኞቹ ተቀባበሉት። «ስትመረቅ የአንበሳ ጎፈር ልታስተካክል ነው? ሙያው ከቤት አልወጣማ!» አባትየው በሰው ፊት ልጁን አሳልፎ አይሰጥም፤ «የሚያውቅ ያውቀዋል» ብሎ መቀሱን ያንቀጫቅጫል። ቤት ሲገባ ግን ሌላ ነው።

«እስቲ አስረጂኝ» አላት አንድ ቀን ጫማውን እያወለቀ። «አውሬው ቢታመም ሐኪም አለው። ቢርበው ቀላቢ አለው። አንቺ መሀል ገብተሽ ምን ልትሠሪ ነው?»

«ምን እንደጎደለው ላውቅ።»

«ማን ይነግርሻል?»

«ራሱ። ዝም ብዬ ካየሁት።»

«ዝም ብሎ ለማየት አራት ዓመት!» አለና ራሱን ነቀነቀ።

ሦስተኛ ዓመት ላይ የተግባር ትምህርት መጣ። እያንዳንዱ ተማሪ በከተማው መካነ አራዊት ውስጥ አንድ ዓይነት እንስሳ ይዞ፣ ለወራት እየተመለከተ፣ አንድ ጥያቄ መመለስ ነበረበት። መምህሯ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚረሱ ሴት ናቸው። የእንስሳቱን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፈው በጠመኔ ካርቶን ውስጥ አዞሩ። ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ አቦሸማኔ ደረሰውና ከወንበሩ ዘለለ። ሌላዋ ቺምፓንዚ አወጣች። ለምኔ ወረቀቷን ስትገልጥ «ፍላሚንጎ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ በመምህሯ የእጅ ጽሑፍ፣ «ዘጠኝ ዓመት እንቁላል አልጣሉም። ለምን?» የሚል ተጨምሯል። አቦሸማኔ የደረሰው ልጅ ወረቀቷን አየና «አይዞሽ» አላት፣ ለቅሶ እንደደረሰ ሰው። እሷ ግን አልሰማችውም። ዓይኗ ከመጨረሻዋ ቃል ላይ አልተነሣም።

ፍላሚንጎዎቹ የሚኖሩት ከመካነ አራዊቱ ጥግ፣ ከመኖ መጋዘኑ ጀርባ ባለ ኩሬ ውስጥ ነው። አስራ አንድ ሮዝ የውሃ ወፎች ናቸው። እግራቸው ሸምበቆ፣ አንገታቸው የጥያቄ ምልክት። የሚጠብቋቸውን ሽማግሌ ሁሉም ሰው «ሻምበል» ይላቸዋል። ሰውዬው አንድ ቀን እንኳ ወታደር ሆነው አያውቁም፤ ካኪ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ፊሽካ አንጠልጥለው ስለሚዞሩ ማዕረጉን የሰጣቸው ጎብኚው ነው።

«ለምን አይጥሉም ነው የምትይኝ?» አሉ ሻምበል ባልዲያቸውን መሬት እያስቀመጡ። «ልጄ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የኛ እንቁላል እንኳን ሊሄድ ገና አልመጣም። እነዚህ መነኮሳት ናቸው። አርፈው ይብሉ፣ ተያቸው።»

አልተወቻቸውም። ከኩሬው ዳር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ በየአምስት ደቂቃው እያንዳንዱ ወፍ ምን እየሠራ እንደሆነ ትመዘግባለች። ወፎቹ እግራቸው ላይ ቁጥር ያለበት ቀለበት ስላላቸው በቁጥራቸው ትለያቸዋለች። የመጀመሪያው ሳምንት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። ሦስት ቁጥር፣ በአንድ እግር ቆሟል። ሰባት ቁጥር፣ በአንድ እግር ቆሟል። አስር ቁጥር ጭንቅላቱን ገልብጦ ውሃውን በመንቁሩ ያጣራል። ከአምስት ደቂቃ በኋላም ያው። ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤት ልጆች መጥተው «እነዚህ የፕላስቲክ ናቸው እንዴ?» ብለው ሄዱ።

በሦስተኛው ሳምንት ግን ዓይኗ ለመደ። ሁለት ቁጥር አንገቱን ቀጥ አድርጎ ሰቅሎ፣ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ቶሎ ቶሎ ማዞር ይጀምራል፤ አንድ ነገር እንደማያምን ሰው። አራት ቁጥር ያየውና ይከተለዋል። አንዳንዴ ዘጠኝ ቁጥርም ይጨመራል። ከዚያ ሌላው ሁሉ ዝም ሲል ነገሩ እንደ እርጥብ ክብሪት ጭስ ብሎ ይጠፋል። ቆጠረችው። በአንድ ሳምንት ሃያ ስድስት ጊዜ ተጀመረ፤ ሃያ ስድስት ጊዜም ጠፋ።

ወረቀቷን ይዛ ወደ መምህሯ ቢሮ ሮጠች። «ዶክተር፣ የማይፈልጉ አይደሉም! ይጀምሩና የሚያግዛቸው ያጣሉ።»

መምህሯ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አዩ። «በዱር ስንት ሆነው ነው የሚኖሩት?»

«በሺዎች።»

«በሺዎች ሆነው አብረው አንገት ያዞራሉ፣ ክንፍ ይዘረጋሉ፣ ተሰልፈው ይራመዳሉ። ከዚያ በኋላ ነው ጥንድ ጥንድ ሆነው ጎጆ የሚሠሩት። አስራ አንድ ለእነሱ ምን ማለት ይመስልሻል?»

«እድምተኛ የሌለው ሠርግ።»

መምህሯ ሳቁ። ሌላ ፍላሚንጎ ማምጣት እንደማይቻል ሁለቱም ያውቃሉ። «አንዳንድ ቦታ መስታወት አቁመው ሞክረዋል፤ ብዙ የሆኑ እንዲመስላቸው» አሉ መምህሯ። «አንዱ ሠራልኝ ይላል፣ ሌላው አልሠራልኝም ይላል። እርግጡን የሚያውቅ የለም።»

እርግጡን የሚያውቅ የለም ሲባል ለምኔ ጆሮዋ ቆመ። በዚያው ቀን ከሰዓት አባቷ ፀጉር ቤት ገባች። አባትየው ባለፈው ዓመት ግድግዳውን ሲያሳድስ አራት ሰፋፊ መስታወቶች አውርዶ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ጓዳ አስቀምጧቸው ነበር።

«እነዚህን?» አለ አባትየው ማበጠሪያውን አየር ላይ አቁሞ። «እዚህ መስታወት ፊት ስንት ሙሽራ ተቀምጧል! ለወፍ?»

«እነሱም ሙሽራ ሊሆኑ ነው፣ አባዬ።»

ሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ለማንም ተሸካሚ አልሰጥም፤ ራሴ ነኝ የማቆማቸው» አለ።

መምህሯ የመካነ አራዊቱን ሐኪምና ኃላፊውን አስፈቀዱ። እሑድ ጠዋት አባትየው መስታወቶቹን በጭነት መኪና ላይ በፍራሽ መሀል አስተኝቶ፣ ራሱም አጠገባቸው ተቀምጦ መጣ። ሻምበል ጠርዞቹን በጣታቸው እየዳሰሱ ወፍ የሚቆርጥ ስለት አለመኖሩን አረጋገጡ። በእንጨት ሰሌዳ ላይ ገጥመው፣ ኩሬው ዳር ጥልቀት በሌለው ቦታ ሊያቆሙ ሲሉ አባትየው እጁን አነሣ።

«ቆይ፣ ቆይ። እንዲህ በአንድ ረድፍ ከደረደርሻቸው አስራ አንዱ ሃያ ሁለት ይሆናሉ፤ አለቀ። የኔን ቤት አታውቂውም? ፊት መስታወት፣ ኋላ መስታወት። አንድ ሰው ይገባል፣ መቶ ሰው ይላጫል።»

 ለምኔ ከልጅነቷ ጀምሮ በዚያ ማለቂያ በሌለው የፀጉር አስተካካይና የደንበኛ ሰልፍ ስትደመም አድጋ፣ ለወፎቹ ስታስብ አልመጣላትም። ሁለት ሁለት አድርገው ፊት ለፊት አቆሟቸው። አባትየው ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃው ውስጥ ገባ፤ አንዱን ትንሽ ወደ ውስጥ፣ ሌላውን ትንሽ ወደ ውጭ እያጋደለ፣ መሀል ሆኖ ሲመለከት ራሱን እስከ አድማስ ተደርድሮ አየ። «ይኸው» አለ፣ በጭቃ የተለወሰ እግሩን ሁሉ ረስቶ።

ወፎቹ በመጀመሪያው ቀን ደንግጠው ማዶ ተሸጉጠው ዋሉ። በሁለተኛው ቀን ሁለት ቁጥር ቀረብ ብሎ አየና አፈገፈገ። በአራተኛው ቀን ሁሉም በመስታወቶቹ መሀል ቆመው ነበር። በስምንተኛው ቀን፣ ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ፣ ሁለት ቁጥር አንገቱን ሰቀለ። አራት ተከተለ። ዘጠኝ ተከተለ። በየመስታወቱም ውስጥ ሌላ ሁለት፣ ሌላ አራት፣ ሌላ ዘጠኝ ቁጥር ተከተለ። ከዚያ አስራ አንዱም አንገታቸውን እያዞሩ፣ ክንፋቸውን እየከፈቱ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ወደ አንድ አቅጣጫ ይራመዱ ጀመር፤ በድንገት ሁሉም ዞረው ወደ ሌላው። የክንፋቸው ሥር ጥቁርና ቀይ መሆኑን ለምኔ እስከዚያ ቀን አላየችም ነበር።

ሻምበል ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ» አሉ።

ለምኔ ስትበር ሄዳ ለመምህሯ ነገረች። መምህሯ በጥሞና ሰምተው ሲጨርሱ፣ «መስታወቱ መሆኑን በምን አወቅሽ?» አሏት።

«ከዚያ በፊት አያደርጉማ።»

«በዚያው ሳምንት ዝናብ ዘንቧል። ፍላሚንጎ ደግሞ ዝናብ ይወዳል።»

 ለማወቅ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፦ መስታወቱን አንድ ሳምንት መግለጥ፣ አንድ ሳምንት መሸፈን፣ ለሁለት ወር እንዲሁ እያፈራረቁ መቁጠር።

ይህን ለሻምበል ስትነግራቸው ደማቸው ፈላ። «ምን አልሽ? ገና አሁን ደስ ቢላቸው ሠርግ ቤት ገብተሽ መብራት ልታጠፊባቸው? አንቺ ለወረቀትሽ ነው እንጂ ለወፎቹ አይደለም!»

ይህ ነገር እንደ እሾህ ተሰካባት፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ማወቅ ትፈልጋለች። ወፎቹ ደግሞ ማወቋ ምንም አይጠቅማቸውም። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ብዙ አሰበች። ነገር ግን ጥቂት ፍላሚንጎ ያላቸው ሌሎች ኩሬዎችም አሉ፤ የዝናቡን ሥራ ለመስታወት ሰጥታ ብትጽፍ እዚያ ያሉት ሰዎች መስታወት አቁመው ለዓመታት ይጠብቃሉ። ሻምበልን እንዲህ ብላ ብታስረዳቸውም ፊታቸውን አዞሩባት።

ነገሩን የፈታው አባትየው ነው። መስታወቶቹን ሊወለውል በመጣ ቀን ከሻምበል ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። «ሻምበል፣ አዲስ የፀጉር ቀለም ሲመጣልኝ መጀመሪያ ምን የማደርግ ይመስልዎታል? ከደንበኛው ጆሮ ኋላ ትንሽ ቀብቼ አንድ ቀን አቆየዋለሁ። ደንበኛው ቸኩሎ ይቆጣኛል። ሳልሞክር ብቀባው ግን፣ ራሱ ቢላጥ ቀለሙ ይሁን ሳሙናው በምን አውቃለሁ?»

ሻምበል ፊሽካቸውን በጣታቸው ሲያሽከረክሩ ቆዩ። «እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ግን መሸፈኛውን የምዘጋውም የምከፍተውም እኔ ነኝ። እንግዳ እጅ አይገባበትም።»

ሥራው ተጀመረ። በተገለጠው ሳምንት በቀን ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ ይሰለፋሉ፤ በተሸፈነው ስምንት፣ አስር። ሁለተኛው ዙርም ያው ሆነ። ለምኔ ደብተሯን አቅፋ መተኛት ብቻ ቀራት። ሦስተኛው ዙር ላይ ግን መስታወቱ ተሸፍኖ ሳለ በቀን ሠላሳ አምስት ጊዜ ተሰለፉ። መሸፈኛው የተገለጠ ጎን እንዳለው ዙሪያውን ዞራ አየች፤ የለም። ሻምበልን በጥርጣሬ አየቻቸው።

«አታፍጪብኝ፤ አልነካሁትም» አሉ ሻምበል። «ሠርጉ ከደመቀ በኋላ እኮ እድምተኛው ቢሄድም ዘፈኑ አይቆምም።»

በዚያው ሳምንት አራትና ዘጠኝ ቁጥር በመንቁራቸው ጭቃ እየጎተቱ ይከምሩ ጀመር። ክምሩ እንደ ተገለበጠ ድስት ሆነ። አንድ ጠዋት አናቱ ላይ ነጭ እንቁላል ተቀምጦ ተገኘ። ሻምበል ፊሽካቸውን ነፉ፤ ለምን እንደነፉ ሲጠየቁ ግን እሳቸውም አላወቁትም።

ደስታው ሁለት ቀን ብቻ ቆየ። ዝናብ የበላው ክምር በአንድ ጎኑ ተናደና እንቁላሉ ተንከባሎ ውሃ ገባ። ሻምበል ከውሃው አውጥተው በመሀረባቸው ጠቀለሉት። «መሸፈኛሽ ነው» አሉ ወደ ለምኔ ሳያዩ። «ተረበሹ።»

እሷም ቤቷ ገብታ አለቀሰች። በማግሥቱ ግን ተመልሳ፣ ከተናደው ክምር እፍኝ ጭቃ ዘግና አሸችው። አሸዋ ነው፤ አይጣበቅም። ሮጣ ሻምበልን ጠርታ በእጃቸው አስጨበጠቻቸው። ሻምበል አሹት፣ አሸተቱት። «ይሄ እኮ ለግድግዳም አይሆን» አሉ። በዚያው ቀን ከመኖ መጋዘኑ ጀርባ ሸክላ አፈር ቆፍረው፣ በጋሪ አመላልሰው፣ ኩሬው ዳር አፈሰሱት። ወፎቹ ያንን እንደ ግንበኛ ተሻሙበት። ከሦስት ሳምንት በኋላ በአዲስና ጠንካራ ክምር ላይ ሌላ እንቁላል ተጣለ።

እንቁላሉ አንድ ወር ገደማ መታቀፍ አለበት፤ ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ። የለምኔ ፈተና ደግሞ ከመጨረሻው ሳምንት ጋር ገጠመ። እያጠናች ኩሬው ዳር መዋል አልቻለችም። ስታጉረመርም አባትየው ሰማት።

«ወረቀቱን ስጪኝ» አለ። «ፀጉር ቤቱን ከመክፈቴ በፊት ሄጄ እቀመጣለሁ። በየአምስት ደቂቃው አይደል? ቁጥሩን አያለሁ፣ የሚሠራውን እጽፋለሁ።»

«አባዬ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው እኮ።»

«ሠላሳ ዓመት ቆሜ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ መቀመጥ አያቅተኝም።»

ሰባት ቀን ሄደ። ለምኔ የመጨረሻውን ፈተና ጨርሳ ስትወጣ አባትየው በር ላይ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ቆሟል። ደንበኛ አስቀምጦ የመጣ ይመስላል። ወረቀቱን ዘረጋላት። ተጠቦ በጻፈው የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«ሦስት ሰዓት ከአስር፣ አራት ቁጥር ታቅፏል። ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ አራት ቁጥር ታቅፏል፤ ተቁነጠነጠ። ሦስት ሰዓት ከሃያ፣ ከክንፉ ሥር ግራጫ ነገር ብቅ አለ። ፀጉሩ እርጥብ ነው፤ አልተበጠረም። ሻምበል እያለቀሱ ነው (እሳቸውን መመዝገብ እንዳለብኝ አላወቅሁም)።»

ለምኔ እዚያው በሩ ላይ አባቷን አቅፋ ቀረች።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ተማሪዎቹ ያገኙትን የሚያቀርቡበት ቀን ሆነ። ሻምበል ካፖርታቸውን አስተኩሰው፣ አባትየው ደግሞ ጋዋኑን አውልቆ ኮት ለብሶ ከኋላ ረድፍ ተቀመጡ። ለምኔ ቁጥሮቿን አሳየች። የአባቷን መዝገብ ስታነብ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ሻምበል መሬት መሬት አዩ።

«ታዲያ እንቁላሉ የመስታወቱ ሥራ ነው?» ሲሉ መምህሯ ጠየቁ።

«ሰልፉን ያስጀመረው መስታወቱ ነው ማለት እችላለሁ» አለች ለምኔ። «እንቁላሉን ያስጣለው እሱ ነው ማለት ግን አልችልም። ዝናብም ነበር። አንድ ኩሬና አንድ ዓመት ብቻ ነው ያየሁት። ለጫጩቱ መፈልፈልም ሸክላው የረዳ ይመስለኛል።»

ባለ አቦሸማኔው ልጅ ጎረቤቱን «እንደዚህ ያለ ድል ይዛ እሷው ታሳንሰዋለች!» አለው። መምህሯ ግን መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩዋት።

ያኔ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ፤ የአባትየው። ለመናገር ጉሮሮውን ሦስት ጊዜ ጠረገ። «ይቅርታ፣ እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ። ግን... ጫጩቱ አድጎ መስታወት ፊት ሲቆም፣ እዚያ ውስጥ ያሉትን ዘመዶቹ ናቸው ብሎ ይቆጥራቸው ይሆን?»

 መምህሯ ወደ ለምኔ አዩ፤ ለምኔ ወደ መምህሯ። ሁለቱም አያውቁም።

ከአዳራሹ እንደወጡ ለምኔ፣ አባቷና ሻምበል ሦስቱም ያለ ምክክር ወደ ኩሬው ነው የሄዱት። ሻምበል ከቆጠራው በኋላ ተሸፍኖ የቆየውን መስታወት ገለጡ። ጫጩቱ እንደ አቧራ ኳስ ግራጫ ሆኖ፣ ገና በማይታዘዙለት ወፍራም እግሮቹ እየተንገዳገደ ከክምሩ ወርዶ ነበር። እናቱን ተከትሎ መስታወቱ ፊት ደረሰ። ቆመ። ከፊቱ ያለውን ግራጫ ጫጩት አየ፤ ያም አየው። በመንቁሩ ጠቅ አደረገው፤ ያም ጠቅ አደረገው። አባትየው የሻምበልን እጅጌ ጨመደደ።

ጫጩቱ ለጥቂት ጊዜ አንገቱን አጋድሎ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ የሰሌዳውን ጠርዝ ዞሮ፣ ከኋላው ማን እንዳለ ለማየት ሄደ።